ከብጣሽ ጨርቅ ልብስ ለመስፋት፦ ከኮሪያ የአሰፋፍ ስልቶች የትኛው ይሻላል?

ከሰፈር ልብስ ሰፊ ያገኘሁትን አንድ ፌስታል ብጣሽ ይዤ የመጀመሪያዬን ሰደርያ ስጀምር የማስበው ስለ ቀለም ብቻ ነበር። ቀዩን ከሰማያዊው አጠገብ ላድርገው ወይስ ከቢጫው? ሦስት ሳምንት ማታ ማታ ሰፍቼ ጨረስኩት። በለበስኩበት ቀን ከቁም ሣጥን አናት ላይ ሻንጣ ላወርድ እጄን ስዘረጋ ብብቴ ሥር ተርር ብሎ ተከፈተ። ጨርቁ አልተቀደደም፤ የተላቀቀው መጋጠሚያው ነው። ለዕቃ መጠቅለያ የተፈጠረ ስፌት ገላ ላይ አውዬ ኖሯል።

ይህን የምጽፈው ያ ሰደርያ በሌላ ሰው እጅ እንዳይደገም ነው።

የኮሪያው ጥበብ ጆጋክቦ ይባላል። ‹ጆጋክ› ቁራጭ ማለት ነው፣ ‹ቦ› ደግሞ መጠቅለያ ጨርቅ። በጆሰን ዘመነ መንግሥት (ከ1392 እስከ 1910 እ.ኤ.አ.) ሴቶች ለቤተሰቡ ሃንቦክ የሚባለውን የኮሪያ ባህላዊ ልብስ ሲሰፉ የተረፈውን ብጣሽ እየቀጣጠሉ ምግብ የሚከደንበት፣ ስጦታ የሚጠቀለልበት፣ ልብስ የሚቋጠርበት ጨርቅ ይሠሩ ነበር። እንግዲህ ልብ ይበሉ፦ ይህ ጨርቅ ይታጠፋል፣ ይቋጠራል፣ ይዘረጋል። ክርን ግን አይታጠፍበትም፣ ትከሻ አይስበውም፣ ላብ አይነካውም። ስልቶቹን ወደ ልብስ ስናመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው የትኛው ስፌት የቱን የልብስ ክፍል ይችላል የሚለው ነው። ቀለሙ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

በነገራችን ላይ ‹ድሪቶ› የሚለው ቃላችን ችግርን ጎትቶ ስለሚመጣ ብዙ ሰው የተቀጣጠለ ልብስ ሲያይ ፊቱን ያጨማድዳል። እራፊ ቀዳዳ ለመድፈን ከላይ ይለጠፋል፤ በጆጋክቦ ግን ቀዳዳ የለም፣ ጨርቁ ራሱ ከመጋጠሚያዎቹ ይወለዳል። ኮሪያውያንም ቁራጭ መቀጣጠልን ለመጠቅለያ ብቻ አልተዉትም። ሴክዶንግ የሚባለው በቀለማት ዝንጉርጉር የሆነ የሕፃናት ልብስ እጅጌ ባለ ልዩ ልዩ ቀለም ጥብጣብ ጎን ለጎን እየተሰፋ ነው የሚሠራው።

መመዘኛዎቹ

አራቱን አማራጮች የምመዝነው በእነዚህ ነው። አንደኛ፣ መጋጠሚያው ሲሳብ ይችላል ወይ? ሁለተኛ፣ የውስጡ ገጽ ምን ይመስላል? የጨርቁ ጠርዝ ካልተደበቀ በእጥበት ይተረተራል፣ ቆዳም ይኮሰኩሳል፤ ከተደበቀ ገበር አያስፈልግም፣ ወጪም ይቀንሳል። ሦስተኛ፣ ያለዎት ጨርቅ ወፍራም ነው፣ ስስ ነው፣ የሚያዳልጥ ነው? አራተኛ፣ ብጣሾቹ ምን ዓይነት ቅርጽ አላቸው? ከእጅጌና ከአንገት ቅድ የሚተርፍ ጨርቅ ጎባጣና ሹል ነው፣ አራት ማዕዘን የሚሆነው ጥቂቱ ነው። አምስተኛው ጊዜ ነው። እሱን ሁሉም ሰው አሳንሶ ስለሚገምተው ወደ ታች በቁጥር አሰላዋለሁ።

ጋምቺምጂል፦ ጠርዝ ለጠርዝ መዘምዘም

ብዙ ሰው ጆጋክቦ ሲባል በዓይነ ኅሊናው የሚመጣለት ይህ ነው። የእያንዳንዱ ቁራጭ ዙሪያ ከ7 ሚሊ ሜትር እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይታጠፍና በጥፍር ወይም በካውያ ይሰመራል። ከዚያ ሁለት ቁራጮች ፊት ለፊት ይገጠሙና የታጠፉት ጠርዞች በጥቃቅን ስፌት ይዘመዘማሉ፤ መርፌው ከየጠርዙ አንድ ሁለት ክር ብቻ ነው የሚያነሳው። ሲከፈት በመገናኛው ላይ እንደ ነጠብጣብ የተሰደረ ክር ይታያል። ሰፊዎቹ ይህን አይደብቁትም፤ እንዲያውም ከጨርቁ የተለየ ቀለም ያለው ክር መርጠው ያጎሉታል።

ትልቁ ጥቅሙ ቅርጽ አለመምረጡ ነው። ቁራጩ ቀድሞ ስለሚታጠፍ ሦስት ማዕዘን ይሁን አምስት ማዕዘን፣ ወደ ውስጥ የገባ ጥግ ይኑረው አይኑረው ችግር የለም። ማሽን የሚያቅተውን ማዕዘን እጅ በቀላሉ ይገጥመዋል።

ድክመቱን በብብቴ አይቼዋለሁ። ሁለቱን ጠርዝ የያዘው አንድ ክር ብቻ ስለሆነ ሲሳብ ስፌቶቹ መሰላል ይመስላሉ፣ በመካከላቸውም ብርሃን ይገባል። አንዱ ስፌት ከተበጠሰ ጎረቤቶቹ ይከተሉታል። የታጠፈው ትርፍ ጨርቅም ከውስጥ ገላጣ ስለሚቀር ያለ ገበር አይለበስም። ገበሩ ግን ጉዳቱን በከፊል ይክሳል፦ በልኩ የተቆረጠና ከብጣሹ ጥቂት ጠበብ ያለ ገበር ከተደረገ የሚሳበው ገበሩ ይሆናል፣ ብጣሹ ዘና ብሎ ይቀመጣል። እኔ ያኔ ገበሩን ከላዩ ይልቅ ሰፊ አድርጌ ነበር። ጥፋቱ እዚያ ጋ ነው።

ፖሊስተር ካለዎት ይህን ስልት ይተዉት። ፖሊስተር በጥፍር አይሰመርም፤ ያጠፉት ተመልሶ ይዘረጋል፣ ትዕግሥትዎን ይጨርሰዋል። ጥጥ፣ ሐርና የተልባ እግር ግን ይታዘዛሉ።

ሳምሶል፦ የተጠቀለለ መጋጠሚያ

የጂንስ ሱሪዎን የእግር ውስጥ ስፌት ገልብጠው ይዩት። አንዱ ጠርዝ ሌላውን አቅፎ፣ ታጥፎ፣ ሁለት ጊዜ ተሰፍቷል። የሳምሶል አሠራር በመሠረቱ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ኮሪያውያን በስስ ጨርቅ ላይ በእጅ ሲሠሩት 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ጥርት ያለች መስመር መሆኗ ነው። አንደኛው ቁራጭ ግማሽ ሴንቲ ሜትር፣ ሌላው አንድ ሴንቲ ሜትር ትርፍ ይሰጠዋል። ሰፊው ጠባቡን ይጠቀልልና በአንድ በኩል ይሰፋል፣ ጨርቁ ይገለበጥና በሌላው በኩል ይደገማል።

ውጤቱ ፊትና ጀርባ የሌለው ጨርቅ ነው። ጠርዝ በየትም አይታይም፣ ገበር አያስፈልግም። በስስ ጨርቅ ላይ ደግሞ መጋጠሚያው አራት ድርብ ስለሚሆን ብርሃን ሲያርፍበት ጠቆር ብሎ ይታያል፤ በመስኮት ላይ የተሰቀለ፣ ሞሺ ከሚባለው ስስ የኮሪያ ጨርቅ የተሠራ ጆጋክቦ የቤተ ክርስቲያን ባለ ቀለም መስታወት የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

ለልብስ ከአራቱ እኔ የማስቀድመው ይህን ነው። ሲሳብ ኃይሉ በሁለት ረድፍ ስፌትና በታቀፈ ጨርቅ ላይ ይከፈላል። ያለ ስጋት ይታጠባል። የሚያስከፍለው ዋጋ ግን አለ፦ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ነው የሚወደው። ስለዚህ አደራደሩ ቀድሞ መታሰብ አለበት። ቁራጭ ከቁራጭ ተገጥሞ ረድፍ ይሆናል፣ ረድፍ ከረድፍ ተገጥሞ ክፍል ይሆናል፣ ክፍል ከክፍል ተገጥሞ ጀርባው ወይም ደረቱ ይሞላል፤ እያንዳንዱ መጋጠሚያ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ትንፋሽ መሄድ አለበት። መሐል ላይ የሚቆም መስመር ካለ ዕቅዱ ተሳስቷል ማለት ነው።

ሁለት ሳምሶል በመስቀል ሲገናኙ ደግሞ ጨርቁ ይደራረብና መርፌ አላስገባ ይላል። መፍትሔው መጋጠሚያዎቹን ማዛነፍ ነው፣ ልክ ግንበኛ ብሎኬት ሲደረድር እንደሚያዛንፈው። የጆጋክቦ ሥርዓት የለሽ የሚመስለው አደራደር ለዓይን ከማማሩ በላይ ለመርፌም ይመቻል።

ኬኪ፦ ሦስት ጊዜ የሚሰፋው

ኬኪ ለበጋ ሃንቦክ፣ እንደ ኦርጋንዛ ላለ ስስ ሐር የተበጀ ነው። ሁለቱ ጨርቆች ፊት ለፊት ተገጥመው አንድ ጊዜ ይሰፋሉ። በስፌቱ ላይ ይታጠፍና በጠርዙ ሥር ሁለተኛ ይሰፋል። የተረፈው ጨርቅ ከስፌቱ ሥር በመቀስ ይላጫል፣ እንደገና ይታጠፍና ሦስተኛ ይሰፋል። በመጨረሻ የሚቀረው 2 ሚሊ ሜትር የማትሞላ፣ እንደ ሲባጎ የቀጠነች መስመር ናት። ዛሬ በአብዛኛው በማሽን ይሠራል፤ ለስለስ ያለ ጉብታም ይቀበላል።

ውበቱን አልክድም። ነገር ግን በሁለት ሁኔታ ብቻ ነው የምመክረው፦ ጨርቁ በእርግጥ ስስ ከሆነና የሽመናው ድርና ማግ የጠበቀ ከሆነ። ወፍራም ጥጥ ላይ መስመሩ እንደ ገመድ ይጠጥራል። ሽመናው ልል ከሆነ ደግሞ ትርፉ ሲላጭ ክሩ ከስፌቱ ሾልኮ ይወጣል። መቀሱ ከስፌቱ 1 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ ስለሚሄድ ለጀማሪ እጅ አደገኛ ነው፤ አንድ ስህተት ሙሉ ክፍሉን ያበላሻል።

ተራ የማሽን ስፌት በገበር

ኮሪያውያን ጋሩምሶል የሚሉት፣ ሰፍቶ ትርፉን ግራና ቀኝ በካውያ መክፈት ነው። ማንኛውም ልብስ ሰፊ ያውቀዋል። ሲንጀርዎን አውጥተው በአንድ ቅዳሜ የጀርባውን ክፍል ይጨርሱታል። ሲሳብ ይችላል፣ ወፍራም ጨርቅም አይከብደውም። ገበር ግን ግዴታ ነው፣ የእጅ ሥራውም ነጠብጣብ ውበት የለም። በጆጋክቦ አደራደር የተሠራ እንጂ የጆጋክቦ ስፌት ያለው አይደለም፤ ይህ ካላስጨነቀዎት ሌላ ጉድለት የለውም።

የቁራጩ መጠንና ጊዜው

ሰደርያ እንውሰድ። ጀርባው 50 በ60 ሴንቲ ሜትር፣ ሁለቱ የፊት ክፍሎች እያንዳንዳቸው 25 በ60 ቢሆኑ በድምሩ 0.6 ካሬ ሜትር ነው። የተሰፋው ቁራጭ 8 በ8 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ወደ 94 ቁራጭ ያስፈልጋል፣ የመጋጠሚያው ርዝመትም ወደ 15 ሜትር ይጠጋል። 4 በ4 ካደረጉት ቁራጩ 375፣ መጋጠሚያው 30 ሜትር ይሆናል። 15 በ15 ከሆነ 27 ቁራጭና 8 ሜትር ይበቃል።

ጨርቁም እንደዚያው ነው። በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ሲተው 8 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው ቁራጭ 10 ተደርጎ ይቆረጣል፤ ከጨርቁ 36 በመቶው መጋጠሚያ ውስጥ ይቀራል። በ4 ሴንቲ ሜትሩ ከግማሽ በላይ፣ 56 በመቶው ይደበቃል። በ15ቱ 22 በመቶ ብቻ። ጨርቅ ለመቆጠብ ብለው ትንንሽ ቁራጭ የሚያበዙ ሰዎች ሳያውቁት የሚያባክኑት እዚህ ላይ ነው። ክብደቱም ይጨምራል፣ ልብሱም ይደርቃል።

አሁን እጅዎን ያስቡ። በ15 ሜትር ጋምቺምጂል ላይ በየ1.5 ሚሊ ሜትሩ አንድ ስፌት ቢኖር 10,000 ስፌት ነው። በደቂቃ 10 ቢሰፉ 17 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ማጠፍና መተኮሱ ሳይቆጠር። ሳምሶል በእጅ ሁለት ጊዜ ስለሚሄድ እጥፍ ይሆናል። በኮሪያ የሴቶች ክፍል መርፌ፣ ክር፣ መቀስ፣ መለኪያ፣ የጣት መከላከያ፣ ካውያና ኢንዱ የምትባለው ሹል ካውያ ‹ሰባቱ ወዳጆች› ይባሉ የነበረው ያለ ነገር አልነበረም። ይህን ያህል ሰዓት አብሮ የሚቀመጥ ወዳጅ ከየት ይገኛል!

የጨርቁ ነገር

ሞሺ ከሳማ ቤተሰብ ከሆነ ተክል የሚፈተል ጨርቅ ነው፤ የሃንሳን አካባቢ የሞሺ ሽመና በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ገብቷል። አየር ያስገባል፣ ቀዝቃዛ ነው፣ እጥፉን እንደ ወረቀት ይይዛል። ጠባዩ ግን ደረቅ ስለሆነ በአንድ ቦታ ደጋግሞ ሲታጠፍ ክሩ ይሰበራል። ክርንና ወገብ ላይ አያድርጉት። በእጅ የተሸመነው ሞሺ ውድ ስለሆነ ለመለማመጃ የተልባ እግር ጨርቅ ይተካዋል።

ከሐበሻ ቀሚስ ቅድ የተረፈ መነን ወይም ፈትል ያላችሁም ብዙ ናችሁ። በእጅ የተሸመነ ጥጥ ስለሆነ ጠርዙ ይተረተራል፣ በመጀመሪያው እጥበትም ይሰበሰባል። ስለዚህ ከመቁረጥ በፊት ይታጠብና ይተኮስ፣ ትርፉ ከ1.2 ሴንቲ ሜትር አይነስ። በሳምሶል ጥሩ ይሆናል፤ በኬኪ ፈጽሞ አይሞከርም። የጥለቱን ቁራጭ እንደ ጠባብ ረድፍ በነጩ መካከል ማስገባት ያምራል፣ ግን ጥለቱ ከነጩ ይወፍራልና መስቀለኛ መገናኛ ላይ እንዳይውል።

አንድ ደንብ ለሁሉም ይሠራል፦ የሁሉንም ቁራጭ ድር ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ከላይ ወደ ታች ያድርጉ። በሰያፍ የተቆረጠ ብጣሽ ከቀጥታው ጋር ከተገጠመ ልብሱ ተሰቅሎ በዋለ ቁጥር አንዱ ይዘረጋል፣ ጎረቤቱ ይጨማደዳል። ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ደግሞ ነጭ እርጥብ ጨርቅ ላይ አሽቶ ቀለም መልቀቁን ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

በአጭሩ ሲነጻጸሩ

| መመዘኛ | ጋምቺምጂል | ሳምሶል | ኬኪ | ማሽንና ገበር |
|---|---|---|---|---|
| ሲሳብ | ደካማ | በጣም ጠንካራ | መካከለኛ | ጠንካራ |
| ገበር | ያስፈልጋል | አያስፈልግም | አያስፈልግም | ያስፈልጋል |
| የሚስማማው ጨርቅ | ሐር፣ ጥጥ፣ የተልባ እግር | ሞሺ፣ የተልባ እግር፣ ሸማ፣ ቀጭን ጥጥ | ስስና ሽመናው የጠበቀ ሐር | ወፍራምም ቀጭንም |
| የብጣሹ ቅርጽ | ማንኛውም | ቀጥ ያለ ጎን ያለው | ቀጥ ያለ ወይም ለስላሳ ጉብታ | ቀጥ ያለ ቢሆን ይሻላል |
| ለ15 ሜትር መጋጠሚያ የሚሰፋ ርዝመት | 15 ሜትር፣ በእጅ | 30 ሜትር፣ በእጅ ወይም በማሽን | 45 ሜትር፣ በማሽን | 15 ሜትር፣ በማሽን |
| እጥበት | በእጅ፣ በጥንቃቄ | አያሰጋም | በእጅ | እንደ ጨርቁ |
| ለጀማሪ | ቀላል፣ ግን ረጅም | በልምምድ | አይመከርም | በጣም ቀላል |

ለማን የትኛው?

ገንዘብ ለሌለውና ጊዜ ላለው፦ ሳምሶል በእጅ፣ በ8 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ። ብጣሹ በነጻ ይገኛል፣ ገበር አይገዛም፤ ወጪው ክርና መርፌ ብቻ ነው። ጊዜ ለሌለው ደግሞ የማሽን ስፌት በገበር፣ በ15 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ። ማሽን ከሌለዎት ቁራጮቹን ደርድረው፣ በስፒል አያይዘውና ቁጥር ጽፈውባቸው ለልብስ ሰፊ መስጠት ይቻላል፤ ቁጥሩን ግን አይርሱ፣ አለበለዚያ የእርስዎ አደራደር በሰውየው ስሜት ተቀይሮ ይመለሳል።

ሹልና ጎባጣ ብጣሽ ብቻ ላለው ጋምቺምጂል ነው፤ ነገር ግን ሙሉ ልብሱን አይሥሩበት። የሰደርያውን ጀርባ መሐል፣ የቀሚስን የታችኛ ጠርዝ፣ የኪስን ፊት በጋምቺምጂል አድርገው ትከሻውን፣ ብብቱንና ጎኑን ከሙሉ ጨርቅ ቢቆርጡ ውበቱም ጥንካሬውም ይገኛል። ለሠርግ ወይም ለበዓል ከላይ የሚደረብ ስስ ነገር የሚፈልግና ማሽን ላይ እጁ የተፈታ ሰው ደግሞ ኬኪን ይሞክር።

ከልብስ ዓይነት ለመጀመሪያ ጊዜ የምመክረው እጅጌ የሌለውን ነው፤ ኮሪያውያን ቤጃ የሚሉት ሰደርያ ክፍሎቹ ከሞላ ጎደል አራት ማዕዘን ስለሆኑ ለቁራጭ ይመቻል። እጅጌ ያለው ጆጎሪ፣ ማለትም የሃንቦክ የላይኛው ልብስ፣ ይቆይ። ሱሪማ ጨርሶ አይታሰብ፤ መቀመጫና ጉልበት ለማንኛውም ስፌት ምሕረት የላቸውም።

አቆራረጡም ሁለት መንገድ አለው። አንዱ ትልቅ ጨርቅ ቀጣጥሎ ከዚያ ላይ ልብሱን መቅደድ ነው፤ ቀላል ነው፣ ግን መቀስ መጋጠሚያዎቹን ሲያቋርጥ የክሮቹ ጫፍ ይፈታል። ስለዚህ ከመቁረጥ በፊት በልኩ መስመር ውስጥ፣ ከጠርዙ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ ዙሪያውን አንድ ጊዜ በማሽን መስፋት ግድ ነው። ሌላው የየክፍሉን ልክ በወረቀት ቆርጦ ብጣሹን በወረቀቱ ላይ እየደረደሩ መሙላት ነው። ይህኛው ያዘገማል፤ ብጣሽ ግን አያባክንም፣ የአንገቱ ዙሪያም ላይ ወፍራም መስቀለኛ መገናኛ እንዳይውል አስቀድሞ ማየት ያስችላል። ብጣሹ ጥቂት ለሆነ ሰው ሁለተኛውን እመርጥለታለሁ።

መቀስ ከማንሳትዎ በፊት ካለዎት ጨርቅ ላይ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት ቁራጭ ይውሰዱ። በመረጡት ስልት ያጋጥሟቸው፣ በሳሙና ይጠቡት፣ ያድርቁት፣ ይተኩሱት። ከዚያ መጋጠሚያውን መሐል አድርገው በሁለት እጅ ጠበቅ አድርገው ይሳቡትና ወደ መስኮት ያዙሩት። በስፌቶቹ መካከል ብርሃን ከገባ ያ ስልት ለዚያ ጨርቅ በገበር ላይ እንጂ ብቻውን አይሆንም፤ ካልገባ ቁራጮቹን መደርደር ይጀምሩ።